«ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ሲቃኘው እኔ የወረድኩ መሰለኝ»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁትም፣ አሁን የምኖረውም ጅማ ነው። ዘፈን የጀመርኩት በ1979 ዓ.ም.፣ የ13 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነበር። ኪነቱ ሲበተን አብረውኝ የነበሩት ልጆች ወደየኑሯቸው ሄዱ፤ እኔና አንድ ጊታር ተጫዋች ግን ከውጭ በሚመጡ ካሴቶች የሮክ ፍቅር ያዘንና እዚያው ቀረን። «ሴት ልጅ እንዲህ ትጮኻለች ወይ?» እየተባልኩ ብዙ ዓመት ዘፍኛለሁ። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በአንድ ሆቴል ከአራት ወጣቶች ጋር እዘፍናለሁ፤ ሊድ ጊታር የሚጫወተው የወንድሜ ልጅ ነው። የዕለት እንጀራዬ ግን ዘፈን አይደለም፤ በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት የፈረቃ ኃላፊ ነኝ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ድምፄ እየወፈረ መጣ። በስልክ የማያውቀኝ ሰው «እሺ ወንድሜ» ይለኛል። ከነሐሴ ወዲህ ደግሞ ሻካራነቱ አልለቅ ብሎኛል። ዝንጅብሉም፣ ጦስኙም፣ ማሩም አልረዳኝም። ድምፄን ለቅዳሜ ልቆጥብ ብዬ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ ማውራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የወር አበባዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቆሟል፤ ይህን ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ ከጉዳዩ ጋር ይገናኝ አይገናኝም አላውቅም።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ሰዉ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ዘፈን መጨረሻ ላይ፣ የወንድሜ ልጅ «ላይኛዋ ዶ» የሚላትን ድምፅ ላወጣ አፌን ስከፍት አየር ብቻ ወጣ። ኪቦርድ የምትጫወተው የ24 ዓመት ልጅ ማንም ሳያዛት ድምፁን ተቀብላ አወጣችው። ሰዉ አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በሚቀጥለው ልምምድ የወንድሜ ልጅ «አክስቴ፣ አትቀየሚኝ፤ ሁሉንም ዘፈን አንድ ቶን ተኩል ዝቅ እናድርገው» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ክሮቹን ማላላት ጀመረ። ጊታሩ ሲወርድ እኔ የወረድኩ መሰለኝ። ምንም ሳልመልስለት ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ባለቤቴ «ሰው ሳይስቅብሽ በክብር ተዪው» ይለኛል። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ከዝግጅት በፊት የሚወጉት፣ ድምፅ የሚከፍት መርፌ እንዳለ ነግሮኛል። ለገና ዋዜማ ትልቅ ዝግጅት አለን። ላቁም? ዝቅ ላድርግ? ወይስ መርፌውን ልሞክር?

ቅዳሜን የምፈራው፣ ከጅማ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የያዘኝ ጭብጨባው ነበር፤ በሁለተኛው ግን ዓይኔ ያረፈው እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት የቡና ማበጠሪያ ላይ ነው። ወደ ሁለቱም እመለሳለሁ። በድምፅዎ ላይ የደረሰውን ነገር ሁሉ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ የወንድምዎ ልጅም «ዕድሜ» በሚል አንድ ስም ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁት ይመስለኛል። እኔ ግን ከጻፉልኝ ውስጥ ቢያንስ ሦስት አራት የተለያዩ ነገሮች ይታዩኛል፤ ከእነዚህ ሁሉ ደግሞ ገሩ ዕድሜው ራሱ ነው ብል አያምኑኝ ይሆናል።

እኔን ካሳሰበኝ ልጀምር። ሻካራነቱ ከነሐሴ ጀምሮ እንዳልለቀቀዎት ጽፈዋል፤ አሁን ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነን። ጉንፋን ያመጣው የድምፅ መዘጋት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከሦስት አራት ሳምንት በላይ የቆየ ሻካራነት ግን፣ ባለቤቱ ዘፋኝም ይሁን ገበሬ፣ ማንቁርቱ ውስጥ ያለው ነገር በሐኪም ዓይን ሳይታይ መታለፍ የለበትም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ቀላል ያልሆነ በሽታም በዚሁ ምልክት ይጀምራል፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ሲደረስበት በደንብ የሚታከም ነው። ስለዚህ ከልምምዱም ከዋዜማውም በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መጠየቅ ይችላሉ፤ ሲጠይቁም «ለጉሮሮ የሚሆን መድኃኒት ስጡኝ» ሳይሆን «ዘፋኝ ነኝ፤ የድምፅ አውታሮቼ በካሜራ እንዲታዩልኝ እፈልጋለሁ» ብለው ይሁን። ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ በኩል ትገባለች፤ ዓይን ታስነባለች፣ ትኮረኩራለች እንጂ ብዙ አታሳምምም፤ ጉዳዩም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። መሣሪያው ካልተገኘ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ያጽፉ። በዚያው ቀን የታይሮይድ የደም ምርመራም እንዲታዘዝልዎት ይጠይቁ፤ ይህች አንገት ላይ ያለች ዕጢ ሥራዋ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ሰውነትም ይከብዳል፤ በእርስዎ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። ምግብ ሲውጡ የሚያስቸግርዎት፣ አክታዎ ላይ ደም የሚታይ ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት የሚዳስሱ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቁ።

አሁን ወደ ዕድሜው። ስለ ወር አበባዎ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ይገናኛል፣ በጣም ይገናኛል። የድምፅ አውታሮች የምንላቸው ማንቁርት ውስጥ ትይዩ የተቀመጡ፣ ከንፈር የሚመስሉ ሁለት እጥፋቶች ናቸው፤ ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲገፋቸው እየተገናኙና እየተለያዩ ይርገበገባሉ። ሴት ስታወራ በሴኮንድ 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ፤ ወንድ ሲያወራ ደግሞ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል። ሴት ስታርጥ ኢስትሮጂን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አውታሮቹን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን እርጥበቱ ይጎድላል፣ አውታሮቹም ወፈር ይላሉ። ክራር የያዘ ሁሉ እንደሚያውቀው ወፍራም ክር በዝግታ ይርገበገባል፣ ድምፁም ይወርዳል። በስልክ «እሺ ወንድሜ» ያለዎት ሰው የሰማው ይህንን ነው። የሚገርመው በወንዶች ዘንድ ነገሩ ወደ ተቃራኒው መሄዱ ነው፤ በስተርጅና አውታራቸው ይሳሳል፣ ድምፃቸውም ይቀጥናል፤ አንዳንድ አዛውንት አባቶች ሲመርቁ ድምፃቸው ቀጭንና ተንቀጥቃጭ ሆኖ የምንሰማው ለዚህ ነው። የማንቁርቱ ለስላሳ አጥንት ቀስ በቀስ መጠንከሩና የትንፋሽ አቅም መቀነሱ ግን ለሴትም ለወንድም አይቀርም።

ይህ ለውጥ የትዝታ ዘፋኟም ላይ ይደርሳል፤ እሷ ግን ያቃታትን ድምፅ በእንጉርጉሮ ዞራው ታልፋለች፣ ሰሚውም «አቤት አጣጣሏ!» ይላል። የሮክ ዘፈን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም። ከድራሙና ከሚያጓራው ጊታር በላይ አንድን ከፍተኛ ድምፅ ይዞ መቆም ነው ሥራው። ያቺ ላይኛዋ ዶ አውታሮችዎ በሴኮንድ 523 ጊዜ ያህል እንዲገናኙ ትጠይቃለች፤ የደረቀና የወፈረ አውታር በሙሉ ኃይል ተገፍቶ ይህን ሁሉ ጊዜ ተገናኝ ሲባል አንዳንድ ማታ እምቢ ይላል፤ አየር ብቻ የወጣውም ለዚህ ይመስለኛል። የወንድምዎ ልጅ ያቀረበው አንድ ቶን ተኩል (ቶን በድምፆች ከፍታ መካከል ያለ የርቀት ልክ ነው) ያችኑ ድምፅ ወደ 440 ያወርዳታል። ሆቴሉ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ስንቱ ልዩነቱን እንደሚያውቅ አላውቅም፤ ለእርስዎ ጉሮሮ ግን በየሴኮንዱ 83 ግጭት ይቀንስለታል።

ማበጠሪያው ዘንድ ደረስን። ጅማ ውስጥ የኖረ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ የገለባው አቧራ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ውስጥ እንደ ጭስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሰዉ የሚነጋገረውም ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግቶ ነው። እርስዎ ደግሞ የፈረቃ ኃላፊ ነዎት። በቀን ስንት ጊዜ ከወዲያኛው ጥግ ያለ ሠራተኛ ስም ይጠራሉ? ስንት ጊዜስ «አቁም!» ይላሉ? ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ኤትየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ያስተዋለው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ከማሽን ጋር ተጯጩሆ ቅዳሜ ማታ ከድራም ጋር መጯጯህ ለ20 ዓመት ወጣትም አይመችም። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል የድምፅ አውታሯ ደምቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት የ23 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዕድሜ ነው ማለት አይቻልም። የእርስዎ ድምፅ ከነሐሴ ወዲህ የተባባሰው አውታሩ ከወፈረ በኋላም ሥራው እንደ ድሮው ስለቀጠለ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ። የሚያሳስበኝ ደግሞ አሁን የቡና መድረሻ መሆኑ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የማበጠሪያው ሥራ የሚበዛበት ነው፤ ገናም የሚመጣው በዚያው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው።

ስለዚህ ፊሽካ ይግዙ። አልቀለድኩም። አንድ ጊዜ ሲነፋ «ወደ እኔ ተመልከቱ»፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ «ማሽን ይቁም» ማለት እንደሆነ ከሠራተኞቹ ጋር ይስማሙ፤ የቀረውን በእጅ ምልክት ይጨርሱት። አፍና አፍንጫዎን በማስክ ይሸፍኑ፣ ውኃ በየሰዓቱ ጎንጨት ይበሉ። ከአለቃዎ ጋር የሚግባቡ ከሆነ ደግሞ ለእነዚህ ሁለት ወራት ሚዛንና መዝገብ ላይ እንዲያደርጉዎት ይጠይቁ፤ ምክንያቱን መንገር ካልፈለጉ «ሐኪም ጉሮሮዬን አትጩሂበት ብሎኛል» ማለት ይበቃል፤ እርግጠኛ ነኝ፣ ሲያዩዎት ሐኪሙም የሚለው ይህንኑ ነው። ቡና ይተዉ አልልዎትም፤ ጅማ ተቀምጬ ቡና ተዉ የምል ሰው ብሆን ይህን ዓምድ የሚያነብልኝ አይኖርም። የሆቴሉ የሲጋራ ጭስና ቤት ውስጥ የሚጤሰው እጣን ግን ጉሮሮ ያደርቃሉ፤ ከዝግጅት በኋላ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ በልቶ ወዲያው መተኛትም የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ወጥቶ አውታሩን እንዲለበልብ ያደርጋል። ጠዋት ጠዋት ቃር ቢኖርዎትም ባይኖርዎትም ይህን ለሐኪሙ ያንሱት።

ሹክሹክታውንም ይተዉት። ዕረፍት ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ማንቁርቱን ይጨመድዳል፤ የሚያሳርፈው ዝም ማለት ወይም በተለመደው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ አጠር አድርጎ ማውራት ነው። መርፌውን በተመለከተ ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ከማንም ሰው እጅ አይወጉት። ምንነቱን ባይነግሩዎትም ዘፋኞች ከመድረክ በፊት የሚወጉት ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ ነው፤ እብጠትን ለጊዜው ያበርዳል፣ ድምፅም የዳነ ያስመስላል። የተጎዳ አውታር ሳያም ሲቀር ሰው አይራራለትም፤ ይገፋዋል፣ ደም የሚቋጥረውም ያኔ ነው። አውታርዎን በካሜራ ያየ ሐኪም አስቦበት ቢያዝልዎት ሌላ ጉዳይ ነው። ለማረጥ ሕመም መድኃኒት የሚሰጥዎት ሰው ካለም የወንድ ሆርሞን ያለበት እንዳይሆን «ዘፋኝ ነኝ» ብለው ይጠይቁ፤ እሱ ያወፈረው የሴት ድምፅ አይመለስም።

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስ። ጭብጨባው እንደጎዳዎት አምናለሁ፤ ማንም ሰው ከአፉ ያመለጠው ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲሞገስ ሲሰማ ያመዋል። ሆኖም እስቲ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት። ልጅቷ ድምፁን ባታነሳው ኖሮ፣ ዘፈኑ እዚያው ተሰብሮ ቢቀር፣ ዛሬ የሚጽፉልኝ ደብዳቤ ከዚህ የቀለለ ይሆን ነበር? ሲኒ ከረከቦት ላይ ሲንሸራተት አጠገቡ ያለ ሰው እጁን የሚዘረጋው አስቦበት አይደለም፤ እሷም የሠራችው እንዲያ ያለ ነገር ይመስለኛል። ሰዉስ ያጨበጨበው ለእሷ ነው ወይስ ዘፈኑ በመትረፉ? ይህን እርስዎም እኔም አናውቅም። የማውቀው በደብዳቤዎ ውስጥ ልጅቷ አንድም ቃል አለመናገሯን ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አነጋግረዋታል? ካላነጋገሯት እሷም እርስዎን እየፈራች ሳትሆን አትቀርም። በልምምድ ሰዓት ሳይሆን በአዘቦት ቀን ቡና ጋብዘዋት፣ «ያን ዕለት አዳንሽኝ፤ ግን አመመኝ» ቢሏት ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢነግሯት ነው ነገሩ የሚጎረብጠው። ከፈቀደች ደግሞ ያችን ላይኛዋን ዶ በድንገት ሳይሆን በስምምነት ለሁለት ያዟት፤ እርስዎ ከታች፣ እሷ ከላይ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በሮክ ባንዶች ከጀርባ የሚቆሙ ድምፃውያን አንዱ ሥራቸው ይኸው ነው።

የወንድምዎን ልጅ በተመለከተ ከእርስዎ ትንሽ እለያለሁ። አክስቱን የናቀ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አያዞርም፤ የሚያዞረው ያፈረ ወይም የፈራ ነው። የተናገረው ነገርም በመሠረቱ ልክ ነው። ክራር ደርዳሪ ዘፋኙን ቀድሞ ክሩን አይወጥርም፤ «እስቲ አንዴ አንጎራጉርልኝ» ብሎ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ በዚያው ልክ ይቃኛል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች የሚወስኑት በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት እንጂ መነሻው የት ይሁን የሚለውን አይደለም። ክራሩ ለሰው ይወርዳል፣ ለሰው ይወጣል፤ በዚህ ያፈረ ዘፋኝ አላውቅም። የእኛው ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ እነዚህኑ ቅኝቶች ከሮክ ጊታር ጋር አገናኝቷል፤ እንግዲህ ቅኝቱን ስንወስድ ልማዱን ለምን እንተወዋለን? ፈረንጆቹም ቢሆኑ ጊታር ማውረድን ከእርጅና ጋር አያገናኙትም። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ በ27 ዓመቱ ነው የሞተው፤ ጊታሩን ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ የመቃኘት ልማድ ግን ነበረው። ገንስ ኤንድ ሮዝስ የተባሉት የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ቶን የወረደ ነው፤ ያኔ ሁሉም ወጣቶች ነበሩ።

ለእርስዎ ይበልጥ የምትቀርብዎት ግን ስቲቪ ኒክስ ትመስለኛለች፤ ፍሊትውድ ማክ የተባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለደች። ድምፅዋ ከዓመት ወደ ዓመት ወረደ፤ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 እንደገና ሲሰባሰብ በወጣትነቷ ወደ ላይ ትወጣባቸው በነበሩ ቦታዎች ላይ ዜማውን ራሱን ለውጣ ወደ ታች ወሰደችው። ሰዉ ዘፈኑን የእሷ መሆኑን አልካደም፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት መድረክ ሞልታለች። የሮክ ዘፋኟ ቲና ተርነር የመጨረሻ የኮንሰርት ጉዞዋን እ.ኤ.አ. በ2009 ስትጨርስ 69 ዓመቷ ነበር። አንዳንዶች ደግሞ የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የማሪያን ፌትፉልን ምሳሌ ያነሱልዎት ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው አልበም የተሰነጠቀ ድምፅዋ ተወዶላት እንደገና ታወቀች። እኔ ያንን ምሳሌ አልወደውም፤ ድምፅዋን ያሻከሩት ሕመም፣ ሲጋራና አደንዛዥ ዕፅ ናቸው እንጂ ዓመታት አይደሉም፤ ሻካራ ነገር ሁሉ የዕድሜ ጸጋ ነው ተብሎ ሐኪም ሳያዩ እንዳይቀሩ እፈራለሁ።

የወንድምዎ ልጅ የተሳሳተው ሁሉንም ዘፈን በአንድ ልክ ማውረዱ ላይ ነው። ምናልባት አንዱ ዘፈን ግማሽ ቶን ይበቃዋል፣ ሌላው ሁለት ቶን ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንም መነካት አያስፈልገው ይሆናል። አንድ ቶን ተኩል የላላ ክር ደግሞ ይዝላል፣ ይንቀጫቀጫል፤ ወይ ወፍራም ክር ያስፈልገዋል፣ ወይ ክሩን ሳያላላ በጣት አያያዝ የሚወርደውን እንዲያ ማውረድ አለበት፤ ይህን እሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሐኪሙ መዝፈን ከፈቀደልዎት በኋላ ልጁን ለብቻው ጠርተው ጊታሩን ሳይነካ ያስቀምጡት። እርስዎ ቁጭ ብለው፣ ያለ ማይክ፣ እያንዳንዱን ዘፈን ከሚመችዎት ቦታ ይጀምሩትና እስከ ከፍተኛው ቦታ ይድረሱ፤ በስልኩ ይቅረጽ፤ ከዚያ በኋላ እሱ ጊታሩን አንስቶ የት እንደዘፈኑ ይፈልግ። ያኔ ቶኑን የመረጡት እርስዎ ይሆናሉ፤ ተከታዩ ጊታሩ ነው። በዚያ ልምምድ ጥለውት የወጡትን ቃልም እዚያው ይመልሱለት፤ «ያን ቀን የተቆጣሁት በአንተ አልነበረም» ማለት ለአክስት ከባድ አይመስለኝም።

እስከዚያው በየቀኑ የሚያደርጉት አንዲት ትንሽ ነገር ላሳይዎት። የውኃ ሃይላንድ ይውሰዱ፣ ግማሹን ያፍስሱት፣ ስትሮ ይክተቱበትና የስትሮው ጫፍ ውኃው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል እንደገባ «ኡ» እያሉ ይንፉበት። ውኃው ይንፈቀፈቃል። ትንፋሹን ሳይገፉ ድምፁን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው ያንሸራትቱት፤ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ከስትሮው የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹ ሳይጋጩ በለስላሳው እንዲገናኙ ያግዛቸዋል፤ ቤት ያለ ሰው ይስቅብዎት ይሆናል፣ ግድ የለም። መድረክ ላይ ደግሞ ድራሙ ከጀርባዎ ካለ ወደ ጎን ይዛወር፣ ሞኒተሩ (ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ) ወደ ፊትዎ ይቅረብ፤ ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ሳይጮህ አይመሽለትም። ከባዶቹን ዘፈኖች መጨረሻ ላይ ከመደርደር ይልቅ ድምፅዎ ሞቆ ሳይደክም መሃል ላይ ያድርጓቸው።

ባለቤትዎ «በክብር ተዪው» ሲሉ ምን እያዩ ነው? ምናልባት ቅዳሜ ማታ መድረኩን ሳይሆን እሑድ ጠዋት ፊትዎን ይሆናል የሚያዩት። ሲስቅብዎ ያዩት ሰው አለ ወይስ ፈርተውልዎ ነው? ይጠይቋቸው፤ ከተቻለም ሐኪም ዘንድ አብረው ይሂዱ፤ አውታሩን በስክሪኑ ላይ ሲያዩት የሚሉት ነገር ሊለወጥ ይችላል፣ ላይለወጥም ይችላል። ማቆም ራሱ ውርደት አይደለም። የኤሮስሚዝ ዘፋኝ ስቲቨን ታይለር በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ማንቁርቱ ተጎዳ፤ ባንዱ ጠብቆት ጠብቆት በቀጣዩ ዓመት የኮንሰርት ጉዞ አቆመ። እሱ ግን ያቆመው ታክሞ፣ ሞክሮ፣ እንደማይመለስ ካወቀ በኋላ ነው። የሮክ ዘፋኙ ጆን ቦን ጆቪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 አንዱ አውታሩ ስለመነመነ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ማገገሚያውን በትዕግሥት ይዞታል። እርስዎ እስካሁን የሞከሩት ዝንጅብልና ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ የ39 ዓመት ሥራ መዝጋት ለእኔ የቸኮለ ይመስለኛል። ሐኪሙ «እስከ ገና አትዝፈኚ» ቢልዎት ግን ዋዜማው ይቅር፤ ልጅቷ ትዝፈን፣ እርስዎም ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዳምጡ፤ ከባድ ምሽት እንደሚሆን አልደብቅዎትም።

በዚህ ሳምንት እንግዲህ ሁለት ነገር ብቻ ያድርጉ፤ የሐኪም ቀጠሮ ይያዙና ፊሽካውን ይግዙ። ልጆቹን ማነጋገሩ፣ ቶኑን መፈለጉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ካሜራው ምን እንዳሳየ ሲያውቁ ይጻፉልኝ፤ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ስትፈትሹም ቶኑ ምንም ሳይነካ በድሮ ቦታው የቀረው የትኛው ዘፈን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።